የማንገቻው ቁልፍ

ባለፈው መስከረም የቁም ሣጥኔን እግር ሊጠግን የመጣ አናጢ አንዲት የወይራ ቁራጭ ላገና ፍቅፋቂውን ወለሉ ላይ አራገፈው። ይቅርታ ብሎ ሊጠርግ ሲያጎነብስ «ተወው፣ ትንሽ ይቆይ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። እኔም ላስረዳው አልሞከርኩም። ያ ሽታ ወስዶ ሞጣ፣ አያቴ እንጨት የሚሠሩባት ጎጆ ውስጥ አስቀምጦኝ ነበር፤ በጎጆዋ መካከል ደግሞ አንድ ቀይ ቤዝ ጊታር ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥሏል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፣ ወደ ማለቂያው ግድም። እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ከወለደች በኋላ ሕመም ስለጸናባት ያን ዓመት ከሞጣ ተነሥቼ ቢቸና፣ ታናሽ እህቷ ዘንድ እንድማር ተላክሁ። አክስቴ እትዬ የሺ የቢቸና ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁልጊዜ የማያልቅ የተማሪ ደብተር ክምርና ከአልጋው ሥር የተሸሸገ ያ ቀይ ጊታር ነበር።

ጊታሩ የጋሽ ዳንኤል ነው። ጋሽ ዳንኤል ተመድቦ የመጣ የድሬዳዋ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛና መዝሙር ያስተምራል። ሲመጣ ሁለት ጊታር ይዞ ነበር። አንደኛው ቀጭን ክር ያለው ነው፤ በእሱ በትምህርት ቤቱ በዓላት ይጫወታል። ሁለተኛው ድሮ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋሙት ቡድን ሲበተን የደረሰው ነው። አንገቱ ረጅም፣ ክሩ ወፍራም፣ ክብደቱ እኔን የሚያህል። ለምን እኛ ቤት አልጋ ሥር እንደተቀመጠ አልጠየቅሁም። አደራ ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ እትዬ የሺ በሩን ትዘጋና ጊታሩን አውጥታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጣቶቿ ክሩ ላይ ይመላለሳሉ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን በጨርቅ የተያዘች ዝንብ የምታሰማው ዓይነት እዝዝታ ብቻ ነው። የጋሽ ዳንኤል ትንሹ ጊታር ግቢውን ሁሉ ይሞላል፤ ይሄ ግዙፍ ግን ድምፅ የለውም። ታምሞ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

«ምን እየቆጠርሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምቱን።»

«ማን ተመታ?»

ሳቀችና «ሂጂ ውኃ አምጪልኝ» አለች። ውኃውን እስካመጣ ድረስ ክፍሏ ውስጥ የተመታው ልጅ ማን እንደሆነ ሳሰላስል ነበር።

በዚያው ሰሞን በትልልቆቹ መካከል አንድ ነገር ሆነ። ጋሽ ዳንኤል ወደ ሞጣ ሽማግሌዎች ልኮ ነበርና ተመለሱ። አከራያችን እማማ ድንቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው «ባዶ እጃቸውን መለሷቸው፤ ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም አሉ» ሲሉ ሰማኋቸው። አያቴ ሞጣ ውስጥ ምን ዕቃ ቢከለክሏቸው ነው ባዶ እጃቸውን የመጡት ብዬ ገረመኝ፤ አባባ ለጋሽነታቸው የታወቀ ነው። አዝማሪ የተባለውንም ሰው አላገኘሁትም። ማሲንቆ የያዘ ሰው ቤታችን መጥቶ አያውቅም። እትዬ የሺ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ስታርም ቀዩ እስክሪብቶ በእጇ እንዳለ ፈዝዛ ትቀር ነበር።

ልምምዱን ግን አልተወችም። እንዲያውም ባሰባት። በትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀን አገረ ገዥውና የአገር ሽማግሌው፣ ካህናቱም ጭምር በተሰበሰቡበት እሷና ጋሽ ዳንኤል ሊጫወቱ ነበር፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ተፈቅዷል። ይሄን እኔ የማውቀው አልነበረም። እኔ የማውቀው ቁጭ ብላ ትለማመድ የነበረችው ሴትዮ በድንገት ቆማ መለማመድ መጀመሯን ነው። ቀሚስ ለብሳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጭኗ ላይ ዕቃ አስቀምጣ መጫወት አትችልም። መቆም አለባት፤ ለመቆም ደግሞ ማንገቻ ያስፈልጋል። ጋሽ ዳንኤል የጠመንጃ ማንገቻ የሚመስል ሰፊ የቆዳ ጠፍር አመጣላት።

የመጀመሪያው ቀን ጠፍሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀና ከማለቷ ከታች በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጊታሩ ሄዶ የእግሯ ጣት ላይ አረፈ። አልጮኸችም። አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ዳንኤል ተንበርክኮ መጀመሪያ እግሯን አየ፤ ቀጥሎ ጊታሩን።

«ቁልፉ ነው» አለ። «ቁልፉ አልይዝ አለ፤ ቀዳዳው ሰፍቷል።»

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። ለካ ጊታሩ የታመመ አይደለም፤ የተቆለፈ ነው! ድምፁ እዚያ ውስጥ አለ፤ ቁልፉ ጠፍቶ ነው። ሮጬ የበሩን ቁልፍና እትዬ የሺ ልብሷን የምታስቀምጥበትን ሣጥን ቁልፍ አመጣሁ።

«ይሄን ሞክሩት» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። እትዬ የሺ እግሯ እያመማት መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ደግሞ ዕንባዋ መጣ። የቱ ለሕመሙ፣ የቱ ለእኔ እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ዳንኤል መዳፉን ዘርግቶ እንጉዳይ የመሰለች ትንሽ ብረት አሳየኝ።

«ቁልፍ ማለት ይቺ ናት። እንደ ቀሚስሽ ቁልፍ። የጠፍሩ ቀዳዳ እዚህ ላይ ይገባል፤ እሷ ደግሞ በብሎን እንጨቱ ላይ ትታሰራለች። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ከታች ከመቀመጫው፣ አንዷ ከላይ።»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ ግን አልገባኝም። የቀሚስ ቁልፍ ይሁን የበር ቁልፍ፣ ካልያዘ ጊታሩ ዝም እንደሚል ነው የያዝኩት።

ቀዳዳውን ጋሽ ዳንኤል በክብሪት እንጨት ሞላው፤ ያዘና በማግሥቱ ለቀቀ። አንድ የመንደሩ አናጢ ረዘም ያለ ምስማር መታበት፤ ቀይ ቀለሙ ተሰንጥቆ እንደ ሸረሪት ድር ሆነና ምስማሩ ውስጥ ተሰበረ። ደግሞ ከላይ ያለችው ቁልፍ ከአንገቱ ሥር ከጀርባ ስለሆነች፣ እትዬ የሺ ግራ እጇን ባላላች ቁጥር የጊታሩ አንገት ወደ መሬት ይዘቀዘቅ ነበር።

«ያለ አባባ የሚሆን የለም» አለች በመጨረሻ።

ጋሽ ዳንኤል ጠፍሩን መጠቅለል ጀመረ። «እኔን በር ላይ ቢያዩኝስ?»

«ጊታሩ የትምህርት ቤቱ ነው። አንተ ተሸካሚ ነህ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ከተጠየቅሽ እንዲያ በይ።»

ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚያልፍ የጭነት መኪና ተሳፈርን። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለነው ነበር። አንዲት ሴትዮ በሽተኛ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልንና «እግዚአብሔር ይማረው፤ ምኑን ነው የሚያመው?» አሉ። እኔ ፈጠን ብዬ «ቁልፉን» አልኳቸው። ሴትዮዋ አማተቡና እስክንደርስ ድረስ ደግመው አላነጋገሩንም።

አያቴን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ፣ ኋላ ግን እጃቸው ወደ እንጨት ያደላ፣ በገናና የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ትንሽ ነው የሚናገሩት። የተናገሩትንም ሰው እየተመለሰ ያስበዋል። ጋሽ ዳንኤልን በሩ ላይ ሲያዩት ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና «ግባ» እንኳ ሳይሉ ወደ ተጠቀለለው ነገር ዞሩ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ «የትምህርት ቤቱ ነው፤ እሱ ተሸካሚ ነው» አልኩ። እትዬ የሺ ዓይኗን ጨፈነች።

አባባ ጋቢውን ገልጠው ጊታሩን አገላበጡት። ሆዱን በጣታቸው አንኳኩ።

«ዝግ ነው» አሉ።

ነግሬያቸው ነበር!

«ድምፁ በየት ይወጣል?»

«በኤሌክትሪክ ነው፣ አባባ» አለ ጋሽ ዳንኤል።

«እንጨቱስ ታዲያ ለምን አስፈለገ?»

ጋሽ ዳንኤል ሊመልስ አፉን ከፈተና «እውነትዎን ነው፤ አስቤው አላውቅም» አለ። አባባ ቀና ብለው አዩት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ያዩት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሥራ ያዙ። የተሰበረውን ምስማርና የክብሪት እንጨቱን አወጡ። ቀዳዳውን አስፍተው አጸዱት። አባባ ከወይራ አንድ ድቡልቡል ውታፍ ጠርበው ኮላ ቀብተው፣ በመዶሻ እጀታ እየቆረቆሩ አስገቡት። ጎጆዋ ወይራና ኮላ ሸተተች። «ይደር» አሉ። ጋሽ ዳንኤል የት እንደሚያድር አልተነገረውም፤ አያቴ ግን እራት ሲቀርብ ከጎናቸው ለአንድ ሰው ቦታ ለቀቁ።

በማግሥቱ ጊታሩን ከጣሪያው በገመድ አንጠልጥለው ወዴት እንደሚያዘነብል ዙሪያውን እየዞሩ አዩት።

«አንገቱ ይከብዳል።»

«የላይኛዋ ቁልፍ ቀንዱ ጫፍ ላይ ብትሆን ይሻል ነበር» አለ ጋሽ ዳንኤል፣ ከአንገቱ ጎን ሾጠጥ ብሎ የወጣውን እንጨት እየነካ። «ለመብሳት ፈርቼ ነው።»

«ቀንዱ ቀጭን ነው፤ ይሰነጠቃል። ወደ ውስጥ እናግባት።»

ተከራከሩ። አባባ አሸነፉ። ጠፍሩን በሲባጎ አስረው ጋሽ ዳንኤልን አቆሙት፤ ጊታሩን አነገተ።

«ተመቸህ?»

«ተመችቶኛል።»

አባባ ጎንበስ ብለው በከሰል ምልክት ሲያደርጉ፣ እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ቆማ የነበረችው እትዬ የሺ «ኧረ እዚያ አይሁን! እዚያ ከሆነ የአንገቱ ጫፍ ለእኔ አይደርሰኝም!» አለች።

ውጭ ዶሮ ስትጭር ይሰማ ነበር። እኔ ማን ምን እንዳጠፋ ለማወቅ ሁሉንም በየተራ አየሁ።

«ለማን ነው የማይደርሰው?» አሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ።

«ለእኔ።»

«አንቺ ነሽ የምታነግቺው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እሱስ?»

«እኔ ቀጭኑን ነው የምጫወተው» አለ ጋሽ ዳንኤል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

አባባ ከሰሉን አስቀመጡ። ወደ ልጃቸው ሄደው ግራ እጇን ያዙና የጣቶቿን ጫፍ አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ጫፎቹ ደንድነው እንደ ጥፍር ሆነው ነበር። እኔ ከጠመኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በገና ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ክር ጣትን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። እጇን መልሰው ለቀቁት። አሁን ይመቷታል ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ነይ ቁሚ» አሉ።

የከሰሉን ምልክት በምራቃቸው አብሰው ሲባጎውን ወደ ቀንዱ ጫፍ ወሰዱት። እትዬ የሺ አነገተች። አባባ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አደረጉት።

«እጅሽን ልቀቂ።»

ግራ እጇን ለቀቀች።

«ሁለቱንም።»

ሁለቱንም ለቀቀች። ጊታሩ ደረቷ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ወዴትም አልዘመመም።

ቀንዱ እንዳይሰነጠቅ ከብሎኑ ቀጠን ያለ ቀዳዳ በጋለ ወስፌ ቀስ እያሉ በሱ። የተቃጠለ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከአሮጌ ኮርቻ ላይ ክብ ቆዳ ቆርጠው ከቁልፏ ሥር አደረጉ። ብሎኑን በጧፍ አሹት። ሲያሹም ሳያዩዋት ጠየቋት።

«ማን ፊት ነው የምትቆሚው?»

«አገረ ገዥው ፊት። በትምህርት ቤቱ መዝጊያ።»

«ካህናቱም ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

ብዙ አሹት፤ ከሚያስፈልገው በላይ። «እንግዲያው እንዳይወድቅ» አሉና ካቻቢቴውን አነሡ።

ሲጨርሱ በሁለቱም በኩል ጠፍሩን በሙሉ ኃይላቸው ጎተቱት። ንቅንቅ አላለም። ጊታሩን ለጋሽ ዳንኤል አስረከቡትና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ስንሳፈርም አልወጡም፤ ሁልጊዜ የሚመርቁን ሰው አልመረቁንም።

መኪናው ላይ እትዬ የሺ አለቀሰች።

«ሠሩልን እኮ!» አላት ጋሽ ዳንኤል።

«አልመረቁኝም።»

እኔ ከሁለቱ መካከል ተቀምጬ የተጠገነ ዕቃ ይዘን እንደ ተሰበረበት ሰው የምንሆነው ለምን እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። የማዘጋጃ ቤቱ የመብራት ሞተር ከአዳራሹ ጀርባ ተነሥቶ ይንዶቀዶቃል፤ ሽቦው እስከ ጊታሩ ድምፅ ማጉያ ድረስ ተዘርግቷል። አዳራሹ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበረው፤ ሙቀቱ አይቻልም። ከፊት አገረ ገዥውና ሹማምንቱ፣ ከጎን ካህናቱና ሽማግሌው ተቀምጠዋል። ወላጆች ሲገቡ ድንገት አባባን አየሁ። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከሞጣ ድረስ ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል። ከሽማግሌዎቹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተሸጎጥሁ። እትዬ የሺ መድረክ ላይ ሆና አየቻቸው። ፊቷ ተለወጠ።

ጋሽ ዳንኤል በቀጭኑ ጀመረ። ቀጥሎ እትዬ የሺ ወፍራሙን ክር ነካች።

ድምፁ ከመድረኩ የመጣ አልመሰለኝም። ከወንበሩ ሥር፣ ከመሬቱ ነው የመጣው። በእግሬ ገብቶ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ያ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለው ግዑዝ ተናገረ። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቀና አለ። እሷ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች።

አንድ ሽማግሌ ወደ አባባ ዘንበል ብለው «ይቺ ደፋር የማን ልጅ ናት?» አሏቸው።

«የኔ ናት» አሉ አባባ። ይሄን ብለው ብድግ አሉና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፈው ወጡ።

እትዬ የሺ ሲወጡ አየቻቸው። አንድ ምት አመለጣት፤ እኔም እንኳ አወቅሁት። ከዚያ ያዘችው። እኔ ተከትያቸው ወጣሁ።

አባባ ወደ ቤት አልሄዱም። አዳራሹን ዞረው፣ ሞተሩ ከሚጮህበት ራቅ ብሎ፣ ማንም በማያልፍበት በኩል ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ከዘራቸው መሬት ላይ ወድቋል። ሁለት መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው ግንባራቸውን አስደግፈዋል።

«አባባ፣ አመመዎት?»

«ዝም በይ።»

እጄን ይዘው መዳፌን ከእሳቸው መዳፍ አጠገብ ለጠፉት። ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ስለዋለ ያቃጥላል። ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ የእትዬ የሺ ምት ክንዴ ድረስ ይመጣል። እንደዚያ ሆነን እስኪያልቅ ቆየን። ጭብጨባው ሲሰማ ከዘራቸውን አንሥተው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

እትዬ የሺ እየሮጠች መጥታ እኔን ነበር ያገኘችው።

«አባባስ? ተቆጥተው ነው የወጡት? ምን አሉ?»

«ዝም በይ አሉ።»

«ለኔ? ለኔ ንገሪያት አሉ?»

«አይ፣ ለኔ። ግድግዳውን ይዘው ነበር።»

«አዞራቸው?»

እኔ እንዴት ብዬ ልንገራት? የማውቀውን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን እያባሰባት ሄደ። ጋሽ ዳንኤል ይህን ሰምቶ «ነገ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ በኔ ምክንያት ከአባትሽ አትጣዪ» አላት።

አባባ ያን ቀን እማማ ድንቄ ቤት አደሩ። ጠዋት ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና መጣ። እትዬ የሺና ጋሽ ዳንኤል ሊሸኟቸው ወጡ። ጋሽ ዳንኤል ጊታሩን ትምህርት ቤት ሊያደርስ አንግቶት ስለነበር እንደዚያው ነው የመጣው። አባባ እንደ ወትሯቸው ብዙ አልተናገሩም። ሁለቱም ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ነክተው አነሧቸው፤ እኔን ሳሙኝ። ከሹፌሩ ጎን ወጥተው ተቀመጡ። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«የሺ!»

«አቤት!»

«ክረምት ስትመጪ ይዘሽው ነይ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እትዬ የሺ በአቧራው ውስጥ ጥቂት ሮጠች። «ማንን? አባባ፣ ማንን ነው?»

አባባ ሰምተዋል፤ እኔ አውቃለሁ፣ ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ። መልስ ግን አልሰጡም።

መንገዱ መሀል ቆመን ቀረን። «ጊታሩን ነው» አለ ጋሽ ዳንኤል። «ብሎኑን ሊያዩት ነው።» እትዬ የሺ ደግሞ እሱን አየችው፣ ጊታሩን አየች፣ መልሳ እሱን አየችው። «ይዘሽው ነው ያሉት?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ይዘሽው» አልኳት። «እሱን ብለው ነው? ወይስ ዝም ብለው ይዘሽው?» «ዝም ብለው።» እስከ ቤት ድረስ እንዲህ እየተነጋገርን ሄድን። እማማ ድንቄም ተጠይቀው አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ አሉ። የዝውውሩ ነገር ግን ዳግም አልተነሣም።

ሐምሌ ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ጋሽ ዳንኤል ጊታሩን አንግቶ፣ እትዬ የሺ ጃንጥላውን ለሁለቱም ይዛ፣ እኔ ከፊት ከፊት እየሮጥሁ ሞጣ ደረስን። አባባ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ጊታሩንም ሰውየውንም ከላይ እስከ ታች ተመለከቷቸው፤ ቸኩለውም አያውቁ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አሉና «ግቡ» አሉ።